አፉን ያልፈታ ሕፃንና የቀዶ ጥገና ሕመም

አራስ ሕፃን ሕመም አይሰማውም የሚለው እምነት በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር ጸንቶ በመኖሩ፣ ብዙ ጨቅላዎች በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ዶክተር ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያወጡት ጥናት ግን፣ በማደንዘዣቸው ላይ ፈንታኒል የተባለ የሕመም ማስታገሻ የተጨመረላቸው ሕፃናት ሰውነት ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ያነሰ መታወክ እንደ ደረሰበት ገለጠ።

ዛሬም አፉን ያልፈታ ልጅ ሕማሙን በቃል ስለማይነግረን፣ ፊቱን፣ እግሮቹን፣ እንቅስቃሴውን፣ ልቅሶውንና ሲያባብሉት መጽናናቱን ተመልክተን፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ እንሰጣለን። (ዝም ያለ ሁሉ ደኅና አይደለም፤ ልጅ ፈርቶም ዝም ይላል።) ሕመሙን ለማስታገስም ፓራሲታሞል በክብደቱ ተሰልቶ፣ ልቅሶው ሳይጠበቅ፣ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሌላው የሕመም ማስታገሻ ኮዴይን ግን በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን እየተለወጠ እስትንፋስን ሊያግድ ስለሚችል፣ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንሰጥም።