የተራኪ ድምፅ በቤት ውስጥ ሲቀዳ ስለሚገባው ጥንቃቄ

ተረትን፣ ፉከራን ወይም የአገር ታሪክን ከአዋቂ አፍ የሚቀዳ ሰው ጥራት ያለው ድምፅ የሚሻው ለጆሮ ደስታ ብቻ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ለይቶ አያሳይም፤ «ይመታል» ተብሎ የተጻፈው ቃል ላልቶ ሲነገር መቺውን፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺውን ያመለክታል። ተራኪው ካለፈ በኋላ ለአነጋገሩ ምስክር የሚሆነው የተቀዳው ድምፅ ነው። የጠበቀው «ተ» የሚታወቀው ደግሞ ምላስ ትንፋሽን ገትቶ በሚያቈይባት ቅጽበታዊ ዝምታ ነውና፣ በሚያስተጋባ ቤት ውስጥ ያች ዝምታ ተሞልታ ትጠፋለች።

ማስተጋባት የገደል ማሚቶ ታናሽ ወንድም ነው። ፊት ለፊት የቆሙ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ድምፅን እየተቀባበሉ ይመላለሱበታል። ስለዚህ እንግዳን ለማክበር የሚመረጠው ሰፊ ሳሎን ለቀረጻ አይስማማም፤ አልጋና ልብስ የሞላበት ጠባብ መኝታ ቤት ወይም ሣር የለበሰ ጎጆ ይሻላል። ሌላ ቤት ከታጣ፣ ከተራኪው በስተኋላና በስተጎን ሁለት ሦስት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ጥቂት አራርቆ መስቀል፣ ወለሉንም ምንጣፍ ማልበስ ነው። ስስ ነጠላ አይበቃም። ጋቢም ቢሆን ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን እምብዛም አይውጥም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይክሮፎኑ ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከአፍ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የቤቱ ማስተጋባት ግን ብዙም አይቀንስም። ውድ መሣሪያ ገዝቶ ከክፍሉ ማዶ ከማኖር ይልቅ፣ መጠነኛውን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቦ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘወር ማድረግ ይበልጣል። ከልብስ ላይ የሚሰካው ዓይነት ከጋቢ ጋር ከተፋተገ ትረካውን ያበላሻል።

ዝናብ የሚወርድበት የቆርቆሮ ጣራ መድኃኒት የለውም፤ ቀጠሮ መለወጥ ነው። ቡና መውቀጡን ግን አስቀድሞ ማስጨረስ ይቻላል፤ ሽማግሌውን «አባቴ፣ ጥቂት ይታገሡን» ብሎ መለመን ነውር የለበትም። (ቡናው ጨርሶ ይቅር ማለት ግን ተራኪውን ያቀዘቅዛል።)

መቅጃው ድምፁን ሳያምቅ፣ በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና በ24 ቢት ቢይዝ ለመዝገብ ቤት ይበቃል። ልኩም ከፍተኛው ድምፅ ከመጨረሻው ወሰን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ይስተካከል፤ ፉከራ ሲነሣ ድምፅ በድንገት ያይላል፣ ወሰኑን ያለፈውም ተቈርጦ ይቀራልና። ጫጫታን የሚያጠፋ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ዋናውን ቅጂ ሳይነካ ያኑር፤ ፕሮግራሙ ጫጫታ እየመሰለው «ሰ»ንና «ፈ»ን ሊያደበዝዝ ይችላል።