አራት ቀለም፣ አንድ ፊት፦ ፎቶ ቲሸርት ላይ የሚታተመው እንዴት ነው?

በጥር ወር ደሴ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ብታዩ፣ ለጥምቀት የታተመ ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ሳያልፉ አይቀሩም። በመውሊድ ሰሞንም እንዲሁ ነው። የምረቃ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ተራው የተመራቂዎች ይሆናል። አብዛኞቹ ቲሸርቶች ላይ ያለው ጽሑፍና አንድ ወይም ሁለት ቀለም ያለው ምልክት ነው። አንዳንዶቹ ላይ ግን ሙሉ ፎቶ አለ፤ ፊቱ ፊት፣ ሰማዩም ሰማይ የሚመስል። እስቲ ከእነዚህ አንዱን የለበሰ ጓደኛችሁን አስቁሙና ዓይናችሁን ወደ ቲሸርቱ አስጠጉ (አስቀድማችሁ አስፈቅዱት እንጂ!)። ፊቱ ይጠፋል። በምትኩ የምታዩት የነጥብ መንጋ ነው። ነጥቦቹም ቢበዛ አራት ዓይነት ናቸው፦ ሲያን (ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሰማያዊ)፣ ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር። ቡኒ የሚባል ቀለም ከዚያ ቲሸርት አጠገብ አልደረሰም።

ታዲያ ያ ጠይም ፊት ከየት መጣ? ይህን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። 80 ተማሪዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ቲሸርት አዘዙ እንበል። ስልክ ላይ ያማረው ፎቶ ጨርቁ ላይ ሲወጣ ጠይሟ ልጅ ቀይ ዳማ ሆናለች፣ አጠገቧ ያለው ልጅ ፊት ደግሞ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ወቀሳው ያው አታሚው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሰው ስንፍና ሳይሆን የብርሃንና የጨርቅ ጠባይ ነው፤ ጠባዩን ያወቀ ሰው ገንዘቡ ከመበላቱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ከመሣሪያው እንጀምር። ስክሪን ማለት በእንጨት ወይም በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ የፖሊስተር መረብ ነው። ድሮ መረቡ ከሐር ይሠራ ስለነበር «ሲልክ ስክሪን» የሚለው ስም እስካሁን ቀርቷል። መረቡ ላይ ኢመልሽን የሚባል ፈሳሽ ይቀባና ጨለማ ውስጥ ይደርቃል። ኢመልሽን አንድ ጠባይ አለው፦ አልትራቫዮሌት ጨረር ካገኘው ይጠነክራል፣ ካላገኘው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። እንግዲህ ምስሉ ግልጽ በሆነ ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ይታተምና መረቡ ላይ ተለጥፎ ብርሃን ይበራበታል። ከጥቁሩ ሥር የተደበቀው ኢመልሽን ስላልጠነከረ ይታጠባል፤ እዚያ ቦታ ላይ መረቡ ክፍት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ቲሸርቱ ላይ አጋድሞ፣ ቀለም አፍስሶ፣ ስኩዊጂ በሚባለው ባለ ጎማ መግፊያ መግፋት ነው። ቀለሙ በክፍቱ በኩል ብቻ ያልፋል።

እንቆቅልሹ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የመረቡ ቀዳዳ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ዝግ። ቀለሙን «እስቲ በግማሽ እለፍ» ማለት አይቻልም። ፎቶ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ«ግማሽ» የተሞላ ነገር ነው፦ ከጉንጭ ወደ አገጭ ሲወረድ ጥላው ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠቁርም። መፍትሔው ቀለሙን ማቅጠን ሳይሆን ዓይንን ማታለል ነው። ምስሉ በኮምፒውተር ወደ ነጥቦች ይከፈላል። ጥላ ባለበት ቦታ ነጥቦቹ ይተልቃሉ፣ ብርሃን ባለበት ያንሳሉ፤ የሁሉም ቀለም ግን ያው አንድ ነው። ይህ ዘዴ ሃፍቶን ይባላል። ጋዜጣና የብስኩት መጠቅለያ የሚታተሙትም በዚሁ ነው፤ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ አንዱን ፎቶ አንሡና አጉልታችሁ እዩት።

ዓይን እንዴት ይታለላል? ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ገደማ ሲሆን ነው። ይህ በ1 ሜትር ርቀት 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በ2 ሜትር ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ቲሸርት ላይ የሚታተም ፎቶ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 የነጥብ መስመር አለው። 22ን ብንወስድ ከነጥብ ነጥብ ያለው ርቀት 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ራሳችሁ አስሉት፦ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከራቃችሁ ዓይናችሁ ነጥቦቹን መለየት ያቅተውና ያዋህዳቸዋል። ለዚህ ነው ከመንገድ ማዶ ፎቶ የነበረው ነገር ሰላም ልትሉት ስትጠጉ ነጥብ የሚሆነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ስልካችሁ ጨለማ ይዞ ይጀምርና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይጨምርበታል፤ ሦስቱም ሲበሩ ነጭ ይሆናል። ቲሸርት ተቃራኒው ነው። ነጩ ጨርቅ የመጣለትን ብርሃን ሁሉ ይመልሳል፣ ቀለም ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ሲያን ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ማጄንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ሰማያዊውን። ጠይም ፊት ለማውጣት ብዙ ቢጫ፣ ከእሱ ትንሽ ያነሰ ማጄንታ፣ ጥቂት ሲያን፣ ጥላው ላይ ደግሞ ጥቁር ያስፈልጋል። ሚስጥሩ ያለው «ጥቂት» በሚለው ላይ ነው። የሲያኑ ነጥብ ትንሽ ከተለቀ ፊቱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ማጄንታው ከተለቀ ልጅቷ ቀይ ዳማ ሆና ቁጭ። ሣር ወይም ሰማይ ትንሽ ቢሳሳት ማንም አያስተውልም። ፊት ግን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስናጠናው የኖርነው ነገር ነውና ወዲያው ያስታውቃል።

ነጥቡ ደግሞ መተለቁ አይቀርም። ቲሸርት ወረቀት አይደለም፤ የተጠለፈ ክር ነው፣ ቀለም ሲነካው በክሩ ላይ ይሰፋል። ኮምፒውተሩ ላይ የቦታውን 50 በመቶ የሸፈነ ነጥብ ጨርቁ ላይ ከ70 በመቶ በላይ ሊሸፍን ይችላል። አዋቂ አታሚ ይህን ስለሚያውቅ ነጥቦቹን አስቀድሞ በኮምፒውተር ያሳንሳቸዋል፤ ምን ያህል እንደሚያሳንስ የሚነግረው ግን የራሱ ጨርቅ፣ የራሱ ቀለምና የራሱ እጅ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው። ከኢንተርኔት የተወረደ ልኬት አይሠራም፤ ሞክሮ፣ አይቶ፣ መዝግቦ ነው የሚገኘው።

ሌላም ጣጣ አለ። ቤት ውስጥ ሁለት ስስ ነጠላ ካለ አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ወደ መስኮት ብርሃን አንሡት። ኮምቦልቻ ያላችሁ አጎበርም ይሆናል። አንዱን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት እንደ ማዕበል የሚሄድ መስመር ይመጣል፤ ነጠላው ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር አልተሸመነም። ሁለት የተደረደሩ ነገሮች ሲደራረቡ የሚፈጠረው ይህ ሞገድ ሞሬ ይባላል። በቲሸርት ሥራ ላይ አራት የነጥብ ድርድር አለ፣ አምስተኛው ደግሞ ራሱ መረቡ ነው። ማዕዘናቸው ካልተጠበቀ የተመራቂዋ ጉንጭ ላይ የነጠላ ማዕበል ይወጣል።

ስለዚህ ድርድሮቹ እርስ በርስ ይዘነብላሉ። ሞገዱ በጣም ደቅቆ ለዓይን የሚጠፋው በ30 ዲግሪ ሲራራቁ ነው። የነጥብ ድርድር ግን 90 ዲግሪ ካዞራችሁት ያው ራሱ ነው፤ 90ን ለ30 ስታካፍሉ ደግሞ የሚገኘው ቦታ ለሦስት ቀለም ብቻ ነው። አራተኛውስ? ቢጫው በ15 ዲግሪ መሐል ላይ ይጠጋል። ነጭ ላይ ያለ ቢጫ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ሞገዱም አይታይም። መረቡም መድቀቅ አለበት፦ ለጽሑፍ በሴንቲ ሜትር ከ43 እስከ 60 ክር ያለው መረብ ይበቃል፣ ለፎቶ ግን 110 ወይም 120 ይፈለጋል፤ ለእያንዳንዱ የነጥብ መስመር አምስት ክር ያህል ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ የጽሑፍ መረብ ብቻ ያለው አታሚ «ፎቶ አልሠራም» ቢላችሁ አትቀየሙት፤ እውነቱን ነው።

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። ይህ ለሥራው ለውጥ ያመጣል? ስክሪኑን በፀሐይ ለሚያበራ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ 3 ደቂቃ የፈጀ ስክሪን ደሴ ላይ 10 ሰከንድ ያህል ቢቀንስ ነው። አንድ ስስ ደመና ከዚህ ብዙ እጥፍ ያዛባል፤ የደሴ የክረምት ጉምማ ተዉት። ፀሐይ ግን አንድ የማይናቅ ጥቅም አላት። እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ትይዩ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የነጥቡን ጠርዝ ጥርት አድርጋ ታወጣለች። ተደርድረው የሚበሩ ረጃጅም አምፖሎች ብርሃናቸው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በትንንሽ ነጥቦች ሥር ሾልኮ ይገባና ይዘጋቸዋል። የፀሐይ ችግሯ ዛሬና ነገ አንድ አለመሆኗ ነው።

ከጨረሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በኮምቦልቻ የቀትር ሙቀት መረቡ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ መጀመሪያ የሚደፈኑት ደግሞ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች፣ ማለትም የጉንጩና የግንባሩ ብርሃን ናቸው። ለዚህ ነው አታሚው ከአንዱ ቲሸርት ወደ ሌላው ሲሻገር መረቡን በቀለም ሸፍኖ የሚተወው።

አራቱ ስክሪኖች በየተራ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ አለባቸው። ነጥቦቹ በ0.45 ሚሊ ሜትር ተራርቀው እያለ አንዱ ስክሪን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ከንፈር ከአፍ ወጣ ማለት ነው። በእጅ የሚሠሩ ቤቶች ፍሬሙን በበር ማጠፊያ ጠረጴዛው ላይ አስረው፣ ቲሸርቱን በስሱ ማጣበቂያ ይይዙታል። ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ኮምቦልቻ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. እስከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ የጨርቅ ከተማ ናት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ያስተምራል። በዓለም ላይ ረጅም ጨርቅ በብዛት የሚያትሙ ፋብሪካዎች ስክሪኑን ጠቅልለው ቱቦ ያደርጉታል፦ ቀዳዳ ያለው የኒኬል ሲሊንደር ይሽከረከራል፣ ቀለሙ ከውስጥ ይገፋል፣ ጨርቁም ከሥሩ ሳይቆም ያልፋል። ይህን ማሽን የኔዘርላንዱ ስቶርክ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። መርሁ ግን ፒያሳ ካለው ጠረጴዛ አይለይም፤ አንድ ቀለም፣ አንድ ስክሪን።

«ጥቁር ቲሸርት ላይ አድርግልን» የምትሉም አትጠፉም። እነዚህ አራት ቀለሞች እንደ ቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ከሥራቸው የሚመልሰው ነጭ ከሌለ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ በምስሉ ልክ አስቀድሞ ነጭ መታተም አለበት። አምስተኛ ስክሪን፣ ተጨማሪ ወጪ። አሁን አሁን ዲቲኤፍ የሚባለው ዘዴ ፎቶውን ከነነጩ ፕላስቲክ ላይ አትሞ በሙቀት ይለጥፈዋል። ለአምስት ስድስት ቲሸርት ከሆነ እሱን ምረጡ፤ ለአምስት ብሎ አራት ስክሪን ማዘጋጀት ኪሳራ ነው። ለ80 ግን አራቱ ስክሪኖች ለአንዱም ለሰማንያውም ያው ናቸውና ዋጋው ለየሰው ይከፋፈላል።

የመጨረሻው ነገር ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰውም እዚህ ነው። ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ለሳምንት አይደርቅም። ውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ቅንጣቶች የሚዋሃዱት 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቁ ነው። የውሃ ቀለሙም ቢሆን ክሩን አጥብቆ እንዲይዝ ለጥቂት ደቂቃ ወደዚያው የተጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ያልበሰለ ቀለም ሲረከቡት እጅግ ያምራል፣ መጀመሪያ ሲታጠብ ግን ይላላጣል። ስለዚህ አንድ ቲሸርት ብቻ አስቀድሞ እንዲታተም ጠይቁ። ሲቀዘቅዝ የታተመውን ቦታ በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጉት፤ ከተሰነጣጠቀ አልበሰለም። ካልተሰነጣጠቀ ቤት ወስዳችሁ በሞቀ ውሃና በሳሙና እሹት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በቀን ብርሃን ሁለት ሜትር ርቃችሁ ፊቱን እዩት። ጠይሟ ጠይም ከሆነች ቀሪውን 79 ይተም።