ወይን ጠጅ ሲያረጅ ሸክላ ይመስላል

በ2014 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ፈረንሳይ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእናቱ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞ ደብረ ወርቅ ገባ። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በወይኑ የታወቀውን የፈረንሳይ አካባቢ ስም «ቦርዶ» ይላል፤ ከሥሩ 2005 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ወይኑ የተለቀመበት የፈረንጆች ዓመት ነው። በእኛ ሲቆጠር የ1998 ዓ.ም. መስቀል ሰሞን መሆኑ ነው፤ እኛ ደመራ ስንለኩስ እዚያ ዘለላው ይቆረጥ ነበር። አክስቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉና «አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጦ? ታዲያ እንዴት ሳይሆመጥጥ ቀረ?» አሉ።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያረጀ ወይን አቀማመስ የሚጀምረውም ከዚሁ ከጥያቄያቸው ነው፤ መጠጥ በጊዜ ብዛት የሚበላሸው ለምንድን ነው? አንዳንዱስ ለምን ይተርፋል?

ማር ብቻውን እያለ አይቦካም፤ ስኳሩ በዝቶ ውኃው ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ውኃ አግኝቶ ብርዝ ሲሆን ግን እርሾው ይነሣና ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል፤ ጋኑ የሚንተከተከው ያኔ ነው። ወይንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ውኃውም ስኳሩም በአንድ ፍሬ ውስጥ አብረው መምጣታቸው ነው። ስኳሩ ሲያልቅ እርሾው ያርፋል፣ ተራውም የሌሎች ይሆናል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ያለ አየር አይሠሩም። ጋን ሸክላ ነውና ይተነፍሳል፤ በተቀዳ ቁጥርም አየር ይገባዋል። ጌሾው መራራነቱን የሚሰጠው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ጠጁንም ይጠብቃል፤ ዓመታትን ግን አይችልም። በቡሽ ተደፍኖ ጨለማ ውስጥ የተጋደመ ጠርሙስ ውስጥ ግን የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ሠሪዎቹም ለጥበቃ ጥቂት የድኝ ውሁድ ይጨምሩበታል። ከዚያ በላይ የሚጠብቀው የወይኑ የራሱ ኮምጣጣነትና ታኒን የሚባለው ነገር ነው።

ታኒንን ያልበሰለ ሙዝ የገመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ምላስ ይይዛል፣ ድድ ያደርቃል። ምድጃ ላይ ብዙ የቆየ ሻይም እንዲሁ ያደርጋል። ስሙ የመጣው ከቆዳ ማልፋት ሥራ ነው፤ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች የዛፍ ልጥ የሚዘፈዝፉት ታኒን ፍለጋ ነው። ታኒኑ የቆዳውን ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቆዳውም መበስበሱን ይተዋል። አፍ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ምራቃችንን የሚያለሰልሰውን ፕሮቲን ይይዝና ምላስ ይሻክራል፤ አፋችን ለአንድ አፍታ እንደ ቆዳ ይለፋል ማለት ነው።

ቀይ ወይን ታኒኑን የሚያገኘው ከልጣጩና ከዘሩ ነው። የነጩ ጭማቂ ቶሎ ከልጣጩ ይለያል፤ ቀዩ ግን ከነልጣጩ ከነዘሩ ይፈላል። 2005 ደግሞ ለቦርዶ ደረቅና ፀሐያማ ዓመት ነበር። ፍሬው አነሰ፣ ልጣጩ ወፈረ፣ ታኒኑ በዛ። የዚያ ዓመት ወይን ገና በአፍላነቱ ሲቀመስ አፍ አጥብቆ ይይዝ የነበረው ለዚህ ነው፤ ብዙ ዓመት እንዲቀመጥ የተመከረውም ለዚሁ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ታኒኑና የልጣጩ ቀለም እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፣ የከበደውም ቀስ እያለ ወደ ሥር ይወርዳል። ለጠላ ቢሆን አተላ፣ ለጠጅ ቢሆን አንቡላ የምንለው ዓይነት ነው። ላይ የቀረው ይለሰልሳል።

ልጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀንና በቢቸና በኩል በገባበት ዕለት ማታ ጠርሙሱን ሊከፍት ተነሣ። አክስቴ ከለከሉት። «መንገድ የመጣ ጠጅ ሳይረጋ አይቀዳም» አሉት። ትክክል ናቸው። የወረደው አንቡላ በመንገድ ተንጦ ከወይኑ ጋር ከተደባለቀ መጠጡ ይደፈርሳል፣ ምላስ ላይም አሸዋ አሸዋ ይላል። ጠርሙሱ ሁለት ቀን ቆሞ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ቡሹን በዝግታ አወጣነው፤ ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራልና ጥድፊያ አይወድም። ከዚያ ልጁ ጠርሙሱን በአንድ እጁ አዘንብሎ ወይኑን ወደ ንጹሕ ብርሌ ሲያንቆረቁር፣ እኔ ጧፍ ለኩሼ ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ ያዝኩ። የጧፉ ብርሃን በጠርሙሱ አንገት ውስጥ ያልፋል። ወይኑ ጥርት ብሎ ሲወርድ ቆየና መጨረሻ ላይ እንደ ጢስ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ከሥር መጣ። «አንቡላው መጣ፣ አቁም!» አሉ አክስቴ፣ ከእኛ ሁሉ ቀድመው አይተውት። ፈረንሳዮች ለዚህ ሥራ ሻማ ያበራሉ፤ የሚቀዱበት ዕቃም እንደ ብርሌ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ለመጠጣት ግን ብርጭቆ ይሻላል፣ ብርሌው አፍንጫ አያስገባም። ሲሶውን ብቻ ሞላን፤ ቃናው የሚጠራቀመው በባዶው ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ከነጭ ጨርቅ በላይ ያዙት፤ እኛ የአክስቴን ነጠላ ተጠቀምን። እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ የሚያስገርም ነገር ይዟል። ወይን ጠጅ የመጠጡ ስም ነው፣ የቀለምም ስም ነው፤ ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ወይን ጠጅ ሹራብ እንላለን። ያ ቀለም ግን የለጋ ወይን ቀለም ነው። ወይኑ ዕድሜ ሲጨምር ሐምራዊነቱ ይጠፋል፣ ደም መሰል ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ሸክላ ይሄዳል። በነጠላው ላይ ያየነው ይህንኑ ነው፤ መካከሉ ጥቁር ቀይ፣ ጠርዙ አዲስ የወጣ የጀበና ቀለም። ዓመቱ ባይጻፍ እንኳ ጠርዙን ያየ ሰው ጠርሙሱ ለጋ እንዳልሆነ ይናገራል። ነጭ ወይን በተቃራኒው ነው፣ ሲያረጅ ይጠቁራል።

ቀጥሎ አፍንጫ። መጀመሪያ ሳትነቀንቁ አሽትቱ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርጋችሁ እንደገና። ለጋ ቀይ ወይን የትኩስ ፍሬ ሽታ አለው። ያረጀው ፍሬው ይደርቅና ሌላ ሽታ ይወጣል፤ ፈረንሳዮች ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እንጉዳይ፣ የጫካ አፈር እያሉ ይቆጥሩታል። አክስቴ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ብዙ ካሸተቱ በኋላ «ዘቢብ» አሉ። እርሳቸው ዘቢብን ከጧፍና ከዕጣን ጋር ለደብሩ ሲሰጡ ነው የኖሩት፤ በቤተልሔም ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ለቁርባን የሚቀርበው እርሱ ነውና። አንድ ጊዜ ደግመው አሸተቱና «ከሥሩ ደግሞ ኮርቻ አለበት፣ ብዙ ዘመን የተቀመጡበት ኮርቻ» አሉ። ልጁ በደስታ ጠረጴዛውን መታ። እኔ ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህች ሰዓት ብዬ ነው። ወይን መቅመስ ልዩ ቃላት የሚጠይቅ የሌላ ሰው ዕውቀት ይመስለን ነበር። ጌሾው በዛ፣ ማሩ አነሰ፣ ጋኑ ወይራ አልጠገበም ብሎ የሚለይ አፍንጫ ግን ቀድሞውንም ቀማሽ ነበር፤ የጎደለው ብርጭቆው ብቻ ነው።

ከዚያ ጉንጭ የማይሞላ መጠን ጎንጨት አድርጋችሁ ምላስ ላይ አንከባሉት፣ ትንሽ አየርም ሳቡበት። ታኒኑ የት እንደሚይዝ፣ ኮምጣጣነቱ ምራቅ እንዴት እንደሚያመጣ፣ ከተዋጠም በኋላ ቃናው ምን ያህል እንደሚቆይ አስተውሉ። ጥሩ ያረጀ ወይን የሚለየው በመጨረሻው ነው፤ ከተዋጠ በኋላ አይሸሽም። አክስቴ «ሊይዘኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ለቀቀኝ» አሉ። የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ይህ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሙቀቱም ልክ ነበር። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይጣፍጣል፣ የደብረ ወርቅ ደጋማ ምሽት ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ይሰጣል። በሞቀ ክፍል አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ በበረዶ ከቀዘቀዘ ቃናው ይታፈናል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ያረጀ ወይን አንዴ ከተከፈተ አይጠበቅም። ለጋው አየር ሲያገኝ ይከፈታል፣ ያረጀው ግን በሰዓታት ውስጥ ይደክማል፤ አንድ ብርጭቆ ተርፎን ጠዋት ስንቀምሰው ዘቢቡም ኮርቻውም የለም። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ወይን ቢቀመጥ ይሻላል ማለት አይደለም። አብዛኛው የዓለም ወይን የሚሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው፤ እኛው አገር በብዛት የሚሸጠውም እንደዚያው ነው፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይትም ሆኑ መሠረቱ ቦርዶ የሆነው የካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ የሚጠምቃቸው። በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ለጌጥ ቆመው፣ ፀሐይ እየመታቸው ዓመታት የሚያስቆጥሩ የስጦታ ጠርሙሶች ያሳዝኑኛል። ቡሹ ደርቆ አየር ያስገባል፣ ብርሃኑ ቃናውን ይገድላል። ለጠርሙሱ ክብር ከሆነ ዘንድሮ ክፈቱት።

በማግስቱ አክስቴ ባዶውን ጠርሙስ አንቡላውን ደፍተው በግራዋ አጠቡት፣ አፉን ቁልቁል ደፍተው በወይራ ጢስ አጠኑት። ከዚያ ጋን ጋን እየዞሩ ቀመሱ። ጣፋጩን አለፉት። ስኳሩን ያልጨረሰ ጠጅ በተደፈነ ጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን ስለሚቀጥል ጠርሙሱን ያፈነዳል፤ ይህን እኛ አልነገርናቸውም። ከሁሉ የቆየውን፣ ደረቅ ያለውንና ጥርት ያለውን መርጠው በነጠላ አጠለሉና እስከ አንገቱ ሞሉት። ቡሹን መልሰው ከማሩ የተረፈውን ሰም አቅልጠው አፉን ደፈኑት። ልጁ ቡሹ እንዳይደርቅ መጋደም እንዳለበት ነገራቸው። ጓዳ ገብተው ከጎታው ሥር፣ ብርሃን ከማይደርስበት፣ አጋደሙት፤ በከሰልም ግድግዳው ላይ 2014 ብለው ጻፉበት።