የቦቴ ውሃ፦ በምድር ማጥለል፣ በመንገድ ማከም

ድርቅ በጸናበት ወረዳ፣ እንዲሁም ሕዝብ በአዲስ ቀዬ ሰፍሮ ጉድጓድ እስኪቆፈርለት ድረስ፣ የመጠጥ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በቦቴ መኪና ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ ኩሬውና ብርካው ደርቆ ብዙ መንደሮች ተስፋቸውን ከሩቅ በሚመጣ ቦቴ ላይ ጥለው ነበር። ይህ ተስፋ ግን አደጋም አለው። አንድ ቦቴ የተበከለ ውሃ ከጫነ በአንድ ቀን ለሺህ ሰው በሽታ ያድላል። በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ድርቁና አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተያይዘው መምጣታቸው የሚዘነጋ አይደለም።

ቦቴ በብዙ ሰው ዘንድ ጎማ ያለው በርሜል ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከውሃው ምንጭ እስከ መንደሩ ያለው የሁለትና የሦስት ሰዓት ጉዞ ውሃው የሚታከምበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለዚህም አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የመኪናው መናወጥ ክሎሪንን ከውሃው ጋር በሚገባ ሲያዋሕድ፣ ጭቃ እንዲዘቅጥ ግን ፈጽሞ አለመፍቀዱ ነው። ስለዚህ ማጥለሉ በምድር ላይ፣ ጀርም መግደሉ በመኪናው ላይ መፈጸም አለበት። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል አሉሙን በቦቴው ውስጥ መጨመር ትርፉ በየጉብታው የሚታወክ ድፍርስ ውሃና ከታንከሩ ወለል የማይለቅ ዝቃጭ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከአቀዳዱ ነው። እንደ ዋቢ ሸበሌ ካለ ደለል ከሚሸከም ወንዝ ሲቀዳ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ከወለሉ ላይ ከተጣለ የሚመጣው ጭቃ ነው፤ ከውሃው ፊት ላይ ከሆነም ቅጠልና ኩበት ይስባል። ባዶ ጀሪካን ተንሳፋፊ አድርጎ ወንፊት የተገጠመለትን የቱቦ ጫፍ ከፊቱ በታች ግማሽ ሜትር ያህል ማንጠልጠል ቀላልና ርካሽ መፍትሔ ነው። ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ስፍራ ከመቅጃው በታች፣ ወደ ወንዙ መውረጃ በኩል መሆን ይኖርበታል። ይህንንም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር መክሮ መወሰን ይገባል፤ ያለ እነርሱ ፈቃድ የተተከለ ምልክት ሳምንት አይቆይም።

የተቀዳው ውሃ ድፍርስ ከሆነ በሸራ ገንዳ ወይም በሌላ ማጠራቀሚያ ውስጥ በአሉሚኒየም ሰልፌት፣ በተለምዶ አሉም በሚባለው፣ እንዲጠል ይደረጋል። መጠኑ እንደ ወንዙ ጠባይ ስለሚለያይ በግምት መጨመር አይገባም። አሥር ግራም አሉም በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ከዚህ ብጥብጥ አንድ ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ላይ ሲጨመር በሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በአራት ብርሌ ጠርሙሶች አንዳንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ሞልቶ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎም በዝግታ ማማሰልና ማስቀመጥ ነው። በትንሹ መጠን የጠለለው ጠርሙስ መልሱን ይሰጣል። ለምሳሌ 5 ሚሊ ሊትር የበቃው ውሃ ለ10,000 ሊትር ግማሽ ኪሎ አሉም ይፈልጋል። ከጠለለ በኋላ ዝቃጩ ሳይነካ ከላይ ከላዩ ወደ ቦቴው ይሳባል። በደቡብ የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ይህ ግን ለቤት እንስራ እንጂ ለቦቴ አይበቃም።

ክሎሪን የሚጨመረው ከጠለለ በኋላ ነው፤ ጭቃ ክሎሪንን ስለሚበላ ድፍርስ ውሃ ላይ ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው። ከ65 እስከ 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ የአንድ በመቶ ብጥብጥ ይገኛል። የጠለለውን ውሃ ሃያ ሃያ ሊትር በአራት የፕላስቲክ ባልዲዎች ቀድቶ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ በየተራ መጨመር፣ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያም በዲ.ፒ.ዲ. ክኒንና በቀለም ማነጻጸሪያው የቀረውን ክሎሪን መለካት ያስፈልጋል። ውሃው ገና ረጅም መንገድ ስለሚጠብቀው በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ያህል የቀረበት ባልዲ ይመረጣል። ይህ ባልዲ 5 ሚሊ ሊትር የተጨመረበት ቢሆን፣ ለ10,000 ሊትር ቦቴ ሁለት ሊትር ተኩል ብጥብጥ ይበቃል። ቦቴው ሩቡ ያህል ሲሞላ ብጥብጡን ማፍሰስና መሙላቱን መቀጠል ለውሕደቱ ይረዳል።

የክሎሪኑን ዱቄት ከናፍጣ፣ ከዘይትና ከግሪስ አርቆ መያዝ ግዴታ ነው። ከእነዚህ ጋር ከተነካካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ሽታውም በሾፌሩ ክፍል ውስጥ ለጤና ጠንቅ ነው። ይህን ለሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ለረዳቱም መንገር ያሻል፤ ዕቃውን የሚጭነው እርሱ ነውና።

ነዳጅ ያመላለሰ ቦቴ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ መዋል የለበትም። ሌላው ከውስጥ ተፍቆና ታጥቦ፣ በየ1,000 ሊትሩ ይዘት 80 ግራም የክሎሪን ዱቄት ተጨምሮበት በውሃ ይሞላል። ሃያ አራት ሰዓት ከቆየ በኋላ ከኩሬና ከእርሻ ርቆ ይደፋል። ቱቦዎቹና ማውረጃ ቧንቧዎቹም በዚሁ ውሃ መታጠብ አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዓት ቦቴው መንደር ሲገባ ነው። በማውረጃው ቧንቧ ላይ ሲለካ በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን መገኘት አለበት። ምንም ካልተገኘስ? እናቶች ከሌሊት ጀምሮ ጀሪካን ደርድረው፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ክሎሪን ጨምረን ሠላሳ ደቂቃ እንጠብቅ ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም መጠበቅ ግድ ነው። የሚሻለው ግን ይህ ችግር እንዳይደርስ በመጫኛው ቦታ ልኩን ማወቅ፣ በየጉዞውም የተጨመረውንና በመድረሻው የተለካውን በመዝገብ ማስፈር ነው። ቦቴው ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ሲያንጠባጥብ እንዳይውልም በመንደሩ ሮቶ ወይም ሌላ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ቢኖር ውሃውን አራግፎ ቶሎ ይመለሳል። በቀን ለአንድ ሰው 7.5 ሊትር ቢታሰብ 10,000 ሊትር የሚበቃው ለ1,300 ሰው ገደማ ስለሆነ የምልልሱ ብዛት ቀላል ነገር አይደለም።

ክሎሪን ጨውንና ፍሎራይድን አያስወግድም። በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ አንዳንድ ጉድጓዶች ከመጫን በፊት ውሃው በላቦራቶሪ መመርመር የሚኖርበት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ ዝናቡ ሲመጣ መንገዱ ይቆረጣል፤ ውሃ የጫነው መኪና በጭቃ ተይዞ ሊያድር ይችላል። በዚህ ጊዜ የጭነት ሸራን በመኪናው ጎን ወጥሮ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 20 ካሬ ሜትር ሸራ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚባክነው ተቀንሶ 160 ሊትር ያህል ይሰጣል። መጀመሪያ የወረደው የሸራውን አቧራ ስለሚያጥብ ይደፋል፤ የቀረው እንደ ሌላው ውሃ ሁሉ ክሎሪን ተጨምሮበት ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ ይጠጣል።