«ሰው» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ዛሬ አንዲት አጭር ቃል እንመለከታለን። ቃሏ «ሰው» ናት። ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ «ሰ» እና «ው»።

እዚሁ ሐዋሳ ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ ሲያነቡ «ሰብአዊ መብት» ከሚለው ላይ ደረሱና ቆም አሉ። «አስተማሪ፣ ይኼ የተማረ ሰው ቃል ነው። እኔን አይመለከትም» አሉኝ። እውነት አይመለከታቸውም? እስቲ አብረን እንየው።

በጥንቱ በግዕዝ ቋንቋ ሰው «ሰብእ» ይባላል። በገና በዓል ስማቸው የሚነሳውን «ሰብአ ሰገል» ሰምታችሁ ይሆናል። ጥበበኞቹን ሰዎች ማለት ነው። የአማርኛው «ሰው» እና የግዕዙ «ሰብእ» ሥራቸው አንድ ነው። በአማርኛ «ብ» ላልቶ «ው» ሆነ፤ መጨረሻ ያለው «እ» ደግሞ ጠፋ።

አሁን «ሰብአዊ» የሚለውን እንፍታው። «ኢትዮጵያዊ» ማለት የኢትዮጵያ የሆነ ማለት ነው አይደል? «ሰብአዊ» ማለትም የሰው የሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሰብአዊ መብት ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ያለው መብት ነው። ሀብታም ስለሆነ ወይም ስለተማረ አይደለም። ሰው ስንልም ወንድ ብቻ አይደለም፤ ሴትም ሰው ናት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10 ይህ መብት ከሰው ተፈጥሮ እንደሚመነጭ ይናገራል።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዳንዱ ሰው «ሰብዓዊ» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን «ሰብዓ» በግዕዝ 70 ቁጥር ነው። የሰው የሆነውን ስትጽፉ በ«አ» ጻፉት።

እያንዳንዱ ቋንቋ ለሰው የራሱ ቃል አለው። በሲዳምኛ «ማና» ሰዎች ማለት ነው። በወላይትኛ ደግሞ ሰዎች «አሳ» ይባላሉ። አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቆማችሁ «አሳ» ሲባል ብትሰሙ፣ ዓሣ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ! ቃሉ ይለያያል እንጂ ሰው ያው ሰው ነው።

እኚያ እናት ይህን ሲሰሙ ቃሉን ደግመው አነበቡት። «ታዲያ የኔው ስም ነዋ!» አሉ።

እናንተም በደብተራችሁ ላይ «ሰብእ»፣ «ሰው»፣ «ሰብአዊ» ብላችሁ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉ። በሦስቱም ውስጥ ያለውን «ሰ» አስምሩበት። ደህና ሰንብቱ።