ባለቤቱ የሚጠብቀው ክታብ

የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 23 ያነበበ ሰው «አሸንክታብ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። አይሁድ በቋንቋቸው «ተፊሊን» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ከበሽታ ወይም ከክፉ መንፈስ ያድናል ተብሎ በአንገት የሚንጠለጠለውን ክታብ ሊያስብ ይችላል። በአይሁድ ሕግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክታብ ባለቤቱን ይጠብቃል ይባላል፤ ተፊሊንን ግን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው።

ተፊሊን ሁለት ጥቁር የቆዳ ማኅደሮች ናቸው። በውስጣቸው ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 13 ሁለት፥ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11 ሁለት ክፍሎች በብራና ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው ማኅደር በክንድ ላይ በልብ አንጻር፥ ሁለተኛው በራስ ላይ ጠጉር ከሚጀምርበት በላይ በጠፍር ይታሰራል። ቀኝ እጁ የሚበረታ ሰው የሚያስረው በግራው ነው። ኦሪት ምልክት አድርገህ እሰር ከማለት በቀር ይህን ሁሉ አትዘረዝርም፤ ዝርዝሩ የመጣው በታልሙድ ከተሰበሰበው የረቢዎች ትምህርት ነው። ታልሙድን ሳያውቁ በግዕዝ ኦሪት የኖሩት የአገራችን ቤተ እስራኤል ተፊሊን የማሰር ልማድ ያልነበራቸውም ስለዚሁ ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ ዋናው አሳብን አለመበተን ነው። ማስረጃውም እንዲህ ነው፤ ሊቀ ካህናቱ በግንባሩ ያደርገው በነበረው የወርቅ ሰሌዳ ላይ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ሳለ ልቡ ከእርሱ እንዳይርቅ ታዟል፤ ስሙ በእያንዳንዱ 21 ጊዜ የተጻፈበት ተፊሊንማ ምን ያህል ጥንቃቄ አያሻውም? ስለዚህ አሳሪው በየጊዜው በእጁ ይዳስሰዋል። የክንዱን አስሮ የራሱን እስኪያስር ድረስ ወሬ አያወራም። ቧልት አይቀልድም፤ አይተኛም፤ ለማዕድ ሲቀርብ ይፈታዋል። ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አራት ክንድ ሲቀረው ያወልቀዋል። በመቃብር አጠገብም በግልጥ አያደርገውም፤ ሙት ትእዛዝ መፈጸም አይችልምና በድሃ ላይ እንደ መሳለቅ ይቈጠራል።

ታዲያ ከሰው አሳቡን ፈጽሞ የማይበትን ማን አለ? ሊቃውንቱ በዚህ ተከራክረዋል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የእስፓኙ ረቢ ዮና ደቀ መዛሙርት፥ ሰው በፍርሃተ እግዚአብሔር እስካለ ድረስ ሥራውን ቢያስብ አሳቡን በተነ አይባልም፤ የሚከለከለው ቀልድና ልቅነት ነው አሉ። ሌሎች ግን ይህን አላቀለሉትም። ልቡ በጭንቀት የታወከና ሊረጋጋ ያልቻለ ሰው ከግዴታው ነጻ እንደሆነም ሕጉ ይናገራል።

በጥንት ጊዜ ተፊሊን ቀኑን ሙሉ ይታሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ የታተመው የዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ፥ «ሹልሐን ዓሩክ»፥ ልማዱ ለምን እንደ ቀረ ያስረዳል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰውነቱን በንጽሕና፥ አሳቡንም በአንድነት ለመጠበቅ ስለሚያዳግተው ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚታሰረው በአብዛኛው በሥራ ቀን በጧት ጸሎት ጊዜ ብቻ ነው። ሰንበትና በዓላት ራሳቸው ምልክት ስለሆኑ በሰንበትና ኦሪት ባዘዘቻቸው በዓላት አይታሰርም።

ሕጉ ከሰው ድካም ጋር በተጋጨ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር፤ ጥንቃቄውን ማላላት ወይም ሰዓቱን ማሳጠር። ያጠረው ሰዓቱ ነው።