ማሞቂያው የት ይቀመጥ? የዓሣ ገንዳ ፊዚክስ በመሪ ብርድ

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚገኘው ቆሮሶ ሞቅ ያለ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው። እድገቱ የሚፋጠነው የውኃው መጠነ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው፤ ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን መመገብ ያቆማል፣ በሽታን የመቋቋም ዐቅሙም ይዳከማል። ጎልድፊሽ ብርድን ይችላል፤ ጋፒን የመሳሰሉት የጌጥ ዓሦች ግን እንደ ቆሮሶ ሙቀት ፈላጊዎች ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የምትገኘው መሪ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት በአማካይ እስከ 8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በመሪ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እነዚህን ዓሦች ለማኖር የሚሻ ሰው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

ብዙዎች የሚጠይቁት «ስንት ዋት ይበቃል?» ብለው ነው። «የት ይቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ አያንስም። ሁለቱንም በቀላል ስሌት እንመልከት።

ስንት ዋት?

1 ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ያስፈልጋል። 100 ሊትር ውኃ ለያዘ ገንዳ 418,600 ጁል መሆኑ ነው። የ100 ዋት ማሞቂያ በየሰከንዱ 100 ጁል ስለሚሰጥ ለ1 ዲግሪ 70 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ውኃውን ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ለማድረስ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ 12 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማሞቂያው አዝጋሚ ስለሆነ የሚሰጠው ሙቀት በአንድ ጥግ ሳይከማች ለመላው ገንዳ መዳረስ ይኖርበታል።

ቴርሞስታት የሚያውቀው የሚነካውን ውኃ ብቻ ነው

1 ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 998.2 ግራም ሲመዝን በ25 ዲግሪ 997.0 ግራም ይመዝናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሙቁ ውኃ ወደ ላይ እንዲወጣ በቂ ነው። ማሞቂያው ውኃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ፣ ከገጹ አጠገብ ቢቀመጥ ሙቁ ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። ቴርሞስታቱ በዙሪያው ያለው ውኃ 25 ዲግሪ ሲደርስ ሥራው የተጠናቀቀ መስሎት ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ከወለሉ አጠገብ ያለው ዓሣ ግን በብርድ ይሠቃያል። ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነውን የጣናን ውኃ ነፋስ ያማስለዋል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የነፋስን ሥራ የሚሠራው የማጣሪያው ፓምፕ ነው።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅ ማሞቂያ ወደ ታች ዝቅ ብሎ፣ አግድም ወይም ዘመም ብሎ፣ ከማጣሪያው የሚመለሰው ውኃ በሚያልፍበት መስመር ላይ ይቀመጥ። በአሸዋ ግን ሊቀበር አይገባም።

ከማጣሪያው በፊት ወይስ በኋላ?

ማሞቂያውን ከማጣሪያው ጋር በቧንቧ የሚያያይዙ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ይከራከራሉ። ፓምፑ በሰዓት 300 ሊትር ቢያሳልፍ የ100 ዋት ማሞቂያ በአጠገቡ የሚያልፈውን ውኃ የሚያሞቀው በ0.3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በማጣሪያው ውስጥ ለሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለውጥ አያመጣም። ሆኖም ከማጣሪያው በኋላ ያለው ውኃ ከቆሻሻ የጸዳ በመሆኑ የማሞቂያው ገጽ በዝቃጭ አይሸፈንም፤ እኛም ይህን እንመርጣለን። ማጣሪያው ተደፍኖ ፍሰቱ ወደ 30 ሊትር ቢወርድ ግን ልዩነቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ቴርሞስታቱም ያለጊዜው ያጠፋል። ማጣሪያን ማጽዳት ሙቀትን መጠበቅም ነው።

ማጣሪያው ከዋናው ገንዳ ሥር የተቀመጠና በክፍሎች የተከፈለ ሌላ ገንዳ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትነት የሚቀንሰው ውኃ የሚታየው ፓምፑ ባለበት በመጨረሻው ክፍል ነው። በመሪ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የበጋው አየርም ደረቅ በመሆኑ ትነቱ ይፈጥናል። በዚያ ክፍል የተቀመጠ ማሞቂያ ከውኃ ውጭ ሊቀር፣ የጋለው መስታወቱም ውኃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ማሞቂያ ደግሞ ለዓሣውም ለሰውም የኤሌክትሪክ አደጋ ነው። ስለሆነም ማሞቂያው የውኃው ከፍታ በማይለዋወጥበት በመካከለኛው ክፍል ይሁን፤ እጅ ከመግባቱ በፊትም ከሶኬት ይነቀል።

መብራት ሲጠፋ

ክፍሉ 15፣ ውኃው 25 ዲግሪ ሆኖ ገንዳው በየሰከንዱ 60 ጁል ያጣል እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚቀዘቅዘው በግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ በ4 ሰዓትም 2 ዲግሪ አይሞላም። ሙቀቱ ይቆያል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ኦክስጅኑ ነው። በ25 ዲግሪ 1 ሊትር ውኃ በባሕር ወለል ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ በመሪ የሚይዘው 6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ውኃው በሞቀ ቁጥር ይህም ይቀንሳል። ስለዚህ «መብራት ቢጠፋ ይጠቅማል» ብሎ ውኃውን አስቀድሞ ከልክ በላይ ማሞቅ ጉዳቱ ያመዝናል።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ፓምፑ ውኃ መግፋቱ ይረጋገጥ። ፓምፑ አየር ይዞት ቢቆም፣ 5 ሊትር በሚይዝ ዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያለ የ100 ዋት ማሞቂያ ያንኑ ውኃ በየ3 ደቂቃ ተኩሉ በ1 ዲግሪ ያሞቀዋል። ቴርሞስታቱ ወዲያው ይረካል፤ ዋናው ገንዳ ግን መቀዝቀዙን ይቀጥላል።

እንግዲህ አንባብያን ይህን ራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ሁለት ቴርሞሜትሮች ውሰዱ፤ አንዱን ከማሞቂያው አጠገብ፣ ሌላውን በተቃራኒው ጥግ ከወለሉ አጠገብ አስቀምጡ። ማለዳ ተነሥታችሁ ሁለቱን አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ፣ ትልቅ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ቦታ ቀይሩለት።